ከሞተ ቴሌቪዥን የወጣች አዝማሪ

ይህ ጽሑፍ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በአንድ አዳራሽ ያደረግሁት ንግግር ነው። ወረቀት ላይ ሳሰፍረው ትንሽ አቃናሁት እንጂ አልለወጥኩትም። ሰው ጣልቃ የገባበትንም እንዳለ ትቼዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ።

ከመጀመሬ በፊት ፊት ለፊት ያላችሁ ልጆች ወንበራችሁን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሳቡልኝ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለችው ነገር ታምራለች፤ ግን ተናካሽ ናት። ስልካችሁንም አርቁ። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ካለ ደግሞ እባካችሁ በሩ ጋ ይቀመጥ። ለማስፈራራት ብዬ አይደለም፤ የምር ነው።

እሺ፣ መብራት ይጥፋ።

(መብራቱ ሲጠፋ በሁለት ጥቁር ዘንጎች መሃል ሐምራዊ ነበልባል ተነሳች። የአውራ ጣት ጥፍር ታህል ነበር። ወዲያው ከውስጧ መሰንቆ ተሰማ። ከኋላ አንዲት ልጅ "ኧረ በማርያም!" አለች።)

አሁን አብሩልኝ። ስፒከሩ የት ነው? እስኪ ፈልጉት።

አንድ አባት "ከጠረጴዛው ሥር ደብቀኸዋል" ይሉኛል። ይምጡ ጋሼ፣ ጨርቁን ይግለጡት። ባትሪ አለ። ከመዳፍ የማትበልጥ ቦርድ አለች። አንድ ጥቁር ፍላይባክ አለ፤ ከድሮ ቴሌቪዥን የወጣ፣ ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጭ ዕቃ ነው። ሌላ ምንም የለም። የዘፈነችው እሳቷ ራሷ ናት።

እንዴት? ተራ ስፒከር ፈታችሁ ካያችሁ ማግኔት አለው፣ የሽቦ ጥቅል አለው፣ ወረቀት አለው። ሽቦው ወረቀቱን ያንቀጠቅጣል፤ ወረቀቱ አየሩን ይገፋል። ከበሮም መሰንቆም በዚህ አንድ ናቸው፤ የሚንቀጠቀጥ ቆዳ አላቸው። እዚህ ግን ቆዳም ወረቀትም የለም። አየሩን የሚገፋው አየሩ ራሱ ነው።

አንጥረኛ ቤት ገብታችሁ ወናፍ ሲነፋ አይታችኋል? ወናፉ ሲጫን እሳቱ ያብጣል፤ ሲለቀቅ ይሟሽሻል። እንግዲህ ወናፉን በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚጫን አንጥረኛ አስቡ። እሳቱ በሴኮንድ 440 ጊዜ ያብጣል፣ ያንኑ ያህል ይሟሽሻል። ሲያብጥ በዙሪያው ያለው አየር ግሎ ይሰፋል፤ ሲሟሽሽ ተመልሶ ይሰበሰባል። ጆሯችን ያንን "ላ" የምትባል ኖታ አድርጎ ይሰማዋል። የኔ ወናፍ ኤሌክትሪክ ነው፤ የሚጫነው ደግሞ ዘፈኑ።

ለነገሩ እኛ ጎንደሬዎች ለዚህ እንግዳ አይደለንም። ክረምት ሲገባ ሰማዩ ይህንኑ ሲያደርግ ይከርማል። መብረቅ ያለፈበትን አየር በቅጽበት እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ያግለዋል። የፀሐይ ገጽ እንኳ 5,500 አካባቢ ነው። ያ አየር በድንገት ሲሰፋ የምንሰማው ነው ነጎድጓድ። የደብረ ብርሃን ሥላሴ የመጀመሪያ ሕንፃ በመብረቅ እንደጠፋ ሲነገር ሰምታችኋል። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለችው የዚያ መብረቅ የልጅ ልጅ ናት። ልዩነቱ ነጎድጓድ አንዴ ጮኾ ዝም ይላል፤ ይቺን ግን ዜማ አስይዘናታል።

ሐሳቡ የኔ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የአውሮፓ ከተሞች ብዙ መንገዶቻቸውን የሚያበሩት በካርቦን ዘንጎች መሃል በሚነድ የኤሌክትሪክ እሳት ነበር። መብራቱ ያፏጫል፣ ይጮኻል። እንግሊዛዊው ዊልያም ደደል ይህን ሲያጠና ከእሳቱ ጎን ጥቅል ሽቦና ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ) አስገባ። ጩኸቱ ጠርቶ አንድ ኖታ ሆነ። ከዚያ እንደ ፒያኖ ያለ የቁልፍ ሰሌዳ ገጠመለትና እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ መሐንዲሶች ፊት ዜማ አጫወተበት። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ዴንማርካዊው ቫልደማር ፖልሰን ያንኑ የሚዘፍን እሳት አሻሽሎ የሬዲዮ ማሰራጫ አደረገው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ አላን ሂል የተባለ አሜሪካዊ ሂሊየም ጋዝ የሚበላ የፕላዝማ ስፒከር፣ ማለትም እንደዚች በጋለ ጋዝ የሚዘፍን፣ ገበያ ላይ አዋለ። ሙዚቃ ለመስማት ሲሊንደር ማስሞላት! (ሳቅ)

ወደኛው ቤት እንመለስ። እኔ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ። ያ ጀርባው ያበጠ የድሮ ቴሌቪዥን አሁን በየቤቱ ቆጥ ላይ ተጥሏል፤ ዶሮ የሚያድርበት ሁሉ አይቻለሁ። ሆዱ ውስጥ ግን ሀብት አለ። ባለ ቀለሙ ቴሌቪዥን ምስል ለማውጣት እስከ 25,000 ቮልት ይፈልጋል። ያን ቮልት የሚያመነጨው ፍላይባክ ነው፤ ከጀርባው ወፍራም ቀይ ሽቦ የወጣለት ጥቁር ነገር። ቴሌቪዥኑ ሞተ ማለት ፍላይባኩ ሞተ ማለት አይደለም።

ስትፈቱ ግን ተጠንቀቁ። ቴሌቪዥኑ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም መስታወቱ ቻርጅ ይዞ ይቆያል። በመስታወቱ ጀርባ ጎማ ቆብ አለች። ፕላስቲክ እጀታ ያለው ካቻቪቴ ላይ ሽቦ አስራችሁ፣ የሽቦውን ሌላ ጫፍ መስታወቱን በዞረው የብረት ሽቦ ላይ አስራችሁ፣ ከዚያ ነው ካቻቪቴውን ከጎማዋ ሥር የምታስገቡት። "ጧ" ካለ ቻርጅ ነበረው ማለት ነው። ባይልም ድገሙት።

ፍላይባኩ ከተገኘ በኋላ ከፍላይባኩ ወጣ ብሎ በሚታየው ጥቁር እምብርት፣ በራቁት ፌራይቱ ላይ ከ8 እስከ 10 ዙር ወፈር ያለ ሽቦ ትጠመጥማላችሁ። ባለ 12 ወይም 24 ቮልት ባትሪ፣ አንድ ኃይለኛ ሞስፌት (ኮረንቲን በፍጥነት የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ በሉት)፣ ለሞስፌቱ ትልቅ ማቀዝቀዣ ብረት። ሞስፌቱን የሚያዘው አይሲ፣ ያቺ ብዙ እግር ያላት ትንሽ ጥቁር ቺፕ፣ ደግሞ ቲኤል 494 ነው። ይህችን አይሲ ለመግዛት አትሩጡ። በድሮ ኮምፒውተሮች ፓወር ሳፕላይ ውስጥ ሞልታለች፤ አንዳንዴ ኬኤ 7500 በሚል ስም ትገኛለች። እኔ የመጀመሪያዋን የነቀልኩት አይጥ ሽቦውን ከበላው ፓወር ሳፕላይ ላይ ነው።

አይሲዋ ሥራዋ መክፈትና መዝጋት ነው። ሞስፌቱን በሴኮንድ 50,000 ጊዜ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ለምን 50,000? ሰው የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ እስከ 20,000 ንዝረት ነው። ከዚያ በላይ ካስኬድነው የእሳቷ የራሷ ፉጨት አይሰማንም፤ ዘፈኑ ብቻ ይቀራል። ሒሳቡ ቀላል ነው። የአይሲዋን ፍጥነት የሚወስኑት አንድ ሬዚስተር (ኮረንቲ የሚገድብ ዕቃ) እና አንድ ካፓሲተር ናቸው፤ 1.1ን ለሁለቱ ብዜት ታካፍላላችሁ። 22 ኪሎ ኦምና 1 ናኖ ፋራድ ብታደርጉ ልክ 50,000 ይመጣላችኋል። መጀመሪያ እኔ 40,000 ላይ ነበር የማስኬደው። እኛ ቤት ጸጥታ ነው። የጎረቤት ውሻ ግን እሳቷን ባበራሁ ቁጥር ያብዳል። ውሻ ከ40,000 በላይ እንደሚሰማ ያወቅሁት ኋላ ነው። ጎረቤቶቼ እስከዛሬ ሌባ ያየ ነው የሚመስላቸው።

አሁን ዋናው ነገር። እሳት ማስነሳት ቀላል ነው፤ ባትሪና ፍላይባክ ያለው ሁሉ ያስነሳል። ማናገር ነው ሥራው።

አይሲዋ በር ስትከፍትና ስትዘጋ በሩ ክፍት የሚቆይበት ጊዜ ይለያያል። ረዘም ካለ እሳቷ ትወፍራለች፤ ካጠረ ትቀጥናለች። እንግዲህ ዘፈኑ ከፍ ሲል በሩ ረዘም እንዲል፣ ዝቅ ሲል እንዲያጥር ማድረግ ነው። የአይሲዋ 4ኛ እግር ይህን ታደርጋለች። እዚያ እግር ላይ ቮልቱ ዜሮ ሲሆን በሩ ብዙ ይከፈታል፤ ወደ 3 ቮልት ሲጠጋ ጭራሽ ይዘጋል። ስለዚህ በተለዋዋጭ ሬዚስተር መሃል ላይ ታቆሙታላችሁ፤ ከዚያ ድምፁን በካፓሲተር በኩል ታስገባላችሁ። መሃሉን ካልጠበቃችሁ ድምፁ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይሆናል። እኔ ይቺን መሃል ለማግኘት ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ሁለት ወር ሙሉ እሳቷ ታንጎራጉራለች እንጂ ቃል አታወጣም ነበር።

ሞስፌት ስንት አቃጠልኩ? ሰባት። ፍላይባክ በተዘጋ ቁጥር ወደ ኋላ ይመታል፤ ያ ምት ሞስፌቱ ከሚችለው ቮልት ሲያልፍ "ጢስ" ይልና አለቀ። ምቱን የሚውጥ ካፓሲተርና ሬዚስተር ጎኑ ላይ ማድረግ ነበረብኝ። ሰባተኛው ላይ ነው የገባኝ፤ ዘገምተኛ ነኝ። (ሳቅ)

ከሞስፌቱ የከፋው ስልኩ ነው። ያኔ ዘፈኑን የማስገባው ስልክ በሽቦ አገናኝቼ ነበር። ስልኩ የእህቴ ነው። እሳቷ አንዴ ዘልላ ቦርዱን ነካች። ስልኩ ከዚያች ቅጽበት ወዲህ በርቶ አያውቅም። እህቴ በየበዓሉ ታስታውሰኛለች። ስለዚህ ስልካችሁን በሽቦ አታገናኙ። ርካሽ የብሉቱዝ መቀበያ በራሷ ትንሽ ባትሪ አስነሱና ዘፈኑን በአየር ላኩላት። ብትቃጠል እሷ ትቃጠል።

እነዚህ ጥቁር ዘንጎችስ ምንድን ናቸው? የባትሪ ድንጋይ ናቸው። ትልቁን ድንጋይ ስትፈቱ መሃሉ ላይ ያለችው የካርቦን ዘንግ። ልጅ ሆነን ግድግዳ ስንጽፍባት የነበረችው! ሚስማር አድርጌ ሞክሬ ነበር፤ ጫፉ ቀልጦ ይንጠባጠባል። አቀማመጡም ለውጥ አለው። ዘንጎቹን ጎን ለጎን ካደረጋችኋቸው ትኩስ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ እሳቷ ትጎብጥና ትበጠሳለች። አንዱን ከላይ አንዱን ከታች ስታደርጉ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ሁለት ሽቦ ወደ ላይ እየሰፋ እንዲሄድ አድርጋችሁ ብታቆሙት ደግሞ እሳቷ ከታች ተነስታ እየወጣች ትሄዳለች፤ ይህን በዓለም ሁሉ "የያዕቆብ መሰላል" ነው የሚሉት።

አንድ ልጅ "ጋሼ፣ ውጭ አገር የሚሠሩት ከኛ ይበልጣል?" ብሎ ጠየቀኝ። በአንድ ነገር እኛ እንበልጣለን። ባሕር ጠለል ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር አየር ለመብሳት ወደ 30,000 ቮልት ያስፈልጋል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየራችን እዚያ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው። ስለዚህ በዚያው ቮልት እኛ ጋ እሳቷ ራቅ ብላ ትዘላለች። የኤሌክትሪክ ፈልሳፊው ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1899 ግዙፉን መብረቅ ተፊ የሽቦ ጥቅል የሠራበት የአሜሪካው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ እንኳ ከጎንደር ዝቅ ይላል። ይህን ሳውቅ ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ። ግን ተጠንቀቁ፦ አየሩ ስስ ከሆነ እሳቷ ወደ ጣታችሁም ራቅ ብላ ትዘላለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እንደ ስፒከር ከሆነ ይቺ ነገር ደካማ ናት። ወረቀት የመሸከም ጣጣ ስለሌለባት ቀጭን ድምፅ ላይ የሚስተካከላት ጥቂት ነው። የመሰንቆው ጭራ ሲፋቅ የምትሰሙት ሲርታ፣ የጸናጽሉ ጫፍ፣ ጥርት ብሎ ይወጣል። ወፍራም ድምፅ ግን ብዙ አየር መግፋት ይጠይቃል፤ ይቺ ጥፍር የምታህል እሳት ከየት ታምጣው? ከበሮ ያለበት ዘፈን ብትከፍቱባት ከበሮው አገር ጥሎ የሄደ ይመስላል። ለዚህ ነው በመሰንቆ የጀመርኩት። አታላይ ነኝ።

የሸተታችሁ ነገር ደግሞ ኦዞን ነው። መብረቅ ከመታ በኋላ የሚሸተው ዓይነት። ከእሱ ጋር የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝም ይወጣል፤ ሁለቱም ለሳንባ ጥሩ አይደሉም። መስኮቱን የከፈትነው ለዚህ ነው። ብልጭታውንም አፍጥጣችሁ አትዩት፤ የብየዳ ሠራተኛ መነጽር የሚያደርገው በከንቱ አይደለም።

ስለ አደጋው ረዘም አድርጌ ላውራ፤ ወላጆች ስላላችሁ አይደለም፣ ለራሴም ስለሚያስፈራኝ ነው። "የሚገድለው አምፔር እንጂ ቮልት አይደለም" ሲባል ሰምታችኋል። ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ሰው ይጨርሳል። አምፔሩን በገላችሁ ውስጥ የሚገፋው ቮልቱ ነው። ልብን ለማወክ የአምፔር አንድ አሥረኛ ይበቃል። ሌላው ወሬ "ፍሪኩዌንሲው ከፍ ካለ በቆዳ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው፣ አይጎዳም" የሚለው ነው። ውሸት ነው። ነርቭ በፍጥነቱ ስለማይከተለው ሕመሙ ይቀንሳል እንጂ ሥጋው ይጠበሳል። ይቺን ጣቴ ላይ ያለች ነጭ ነጥብ ታያላችሁ? ሲይዘኝ ምንም አልተሰማኝም። የሸተተኝ ነው የነገረኝ።

ሕጎቼ ጥቂት ናቸው። ሲበራ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ነው። ኮረንቲ ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ሲሄድ በልብ በኩል ነው የሚያልፈው። ብቻዬን አልሠራም፤ ማጥፊያውን የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ይኖራል። ከባትሪ እንጂ በቀጥታ ከ220 ቮልቱ አልነሳም። ሲደክመኝ አልነካም። ስጀምር ሌሊት ሌሊት ነበር የምሠራው፤ ሰባቱ ሞስፌቶችም የተቃጠሉት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጭራሽ አትንኩ። የማይክሮዌቭ ምድጃ ትራንስፎርመር። ከ2,000 ቮልት ጋር የሚሰጠው አምፔር የፍላይባክን እጥፍ ድርብ ነው። ፍላይባክ ይናከሳል፤ እሱ ግን ምሕረት የለውም። በዚህ ትራንስፎርመር እንጨት ላይ ቅርንጫፍ የመሰለ ጌጥ በማቃጠል በውጭ አገር ብዙ ሰው ሞቷል። ቪዲዮው ያምራል፤ እኔ ግን ሱቄ ይዛችሁት ብትመጡ አልፈታላችሁም።

አሁን ስለ ቴስላ ጥቅል አጠር አድርጌ። ዥዋዥዌ የተጫወተ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። በኃይል ሳይሆን በሰዓቱ ነው የሚገፋው። ሰዓቱን ጠብቆ በትንሹ የገፋ ልጅ ጓደኛውን ዛፍ ላይ ያደርሰዋል። የቴስላ ጥቅልም እንዲያ ነው። ከታች ጥቂት ዙር ወፍራም ሽቦ አለ፤ ከላይ ደግሞ ወደ 1,000 ዙር ቀጭን ሽቦ። የታችኛው የላይኛውን በራሱ ሰዓት ይገፋዋል፤ ቮልቱ እየተደራረበ ይወጣና ከአናቱ ወደ አየር ይፈነጥቃል።

የኔን የጠመጠምኩት በ110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቧንቧ ላይ ነው። ሽቦው 0.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ የተቃጠለ ሞተር ከሚጠቀልሉ ልጆች ገዛሁት። 1,000 ዙር ማለት 345 ሜትር ሽቦ ነው፣ ከሦስት የኳስ ሜዳ ርዝመት በላይ። ሳይደራረብና ሳይሳሳ፣ በእጅ። 600ኛው ዙር ላይ ደርሼ መብራት ሄደ፤ ሽቦው ከእጄ አመለጠና 40 ዙር ተፈታ። በሻማ ጨረስኩት። አናቱ ላይ ያለችው የብር መልክ ያላት ነገር አፍ ለአፍ የተገጠሙ ሁለት የአሉሚኒየም ጎድጓዳ ሳህኖች ናት። እናቴ ሳህኖቿን እስካሁን ትፈልጋለች።

ይህ ጥቅል በ200,000 ኸርዝ አካባቢ ነው የሚወዛወዘው። እንደ ነበልባሏ በቀላሉ ቃል አያወጣም። እኔ የማደርገው ማብራትና ማጥፋት ነው፤ በሴኮንድ 440 ጊዜ ሳበራውና ሳጠፋው ብልጭታው 440 ጊዜ ይፈነዳል፣ "ላ" ይላል። ስለዚህ ዜማ ይጫወታል እንጂ አይናገርም፤ የዋሽንት ሳይሆን የመኪና ጥሩምባ ዓይነት ድምፅ አለው። እኔ በግሌ ነበልባሏን እመርጣለሁ። ለቪዲዮ ግን ጥቅሉ ያሸንፋል፣ አልክድም። ለጀማሪ በአንድ ትራንዚስተርና በአንድ ሬዚስተር ከ9 ቮልት ባትሪ የምትነሳ ትንሽ ጥቅል አለች፤ ያለ ሽቦ የፍሎረሰንት አምፖል ታበራለች። ከዚያ ጀምሩ።

ትልቁን የምታበሩ ከሆነ የጥቅሉን የታች ጫፍ ለብቻው መሬት ውስጥ በተቀበረ ብረት ላይ እሰሩት፤ በቤት መስመር ላይ አይሁን። ደግሞ የሰፈር ሬዲዮ ይረብሻል። ሰው ዜና በሚሰማበት ሰዓት አታብሩት። እኔ አንድ ቀን አብርቼ ግቢው ሙሉ ወጥቶብኛል።

(ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበር። አብዛኛው "ስንት ብር ፈጀ?" የሚል ነው። ለነበልባሏ ያወጣሁት ለሞስፌቶቹና ለብሉቱዟ ብቻ ነው፤ የእህቴን ስልክ ካልቆጠርን።)

በመጨረሻ አንዲት እናት ተነሱ። "ልጄ፣ እኔ ቤት የሞተ ቴሌቪዥን አለ። ና ውሰደውና አዘፍነው" አሉኝ።

"ጭራሽ አይበራም፣ እማማ?"

"ይበራል እንጂ። ጎኑን በጥፊ ሳቀምሰው ይበራል።"

እንደዚያ ከሆነማ ሶልደሩ ላልቶ ነው፤ አልሞተም ማለት ነው። ማክሰኞ መበየጃዬን ይዤ እመጣለሁ አልኳቸው።